ከዲስኩ ቀድሞ የሚነሣው መዝገብ

የማኅበራችን ሕግ አጭር ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ ያለ አውራ በግ ለዘር ይወዳደራል፤ የሌለው ይቀጠቀጣል። አለቀ። መዝገቡ ድሮ ደብተር ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ሆኗል። ደብተር በነበረ ጊዜ አይጥ ገባችበት። የበላችውን በላች፤ ያልበላችው ግን ይነበብ ነበር። ይህኛው ማንም ሳይበላው የሚጠፋ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ስድስት አውራ በጎች በማኅበሩ ግቢ ታስረው ነበር። የከብት ሐኪሙ ቡርዲዞውን፣ ያንን የሚቀጠቅጥበትን ትልቅ ጉጠት፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እኔ መስኮቱ ሥር ካለው ማሽን ፊት ሆኜ የጆሮ ቁጥር ሲነግሩኝ እየመታሁ «አለ» እላለሁ። አምስቱ አሉ። ስድስተኛው የጎረቤቴ የባልቴቷ ነው። መታሁት። የለም። ደግሜ መታሁት። የለም።

እንዴት አይኖርም? ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚህች በደደረች ጣቴ። በግንባሩ ቦቃ ያለበት ጥቁር በግ ነው። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ሞታበት ባልቴቷ በላም ወተት ነው ያሳደገችው። የሟች ባሏ መንጋ ዘር ከእሱ ሌላ አልቀረም፤ አንዱ በበሽታ፣ አንዱ በቀብርና በተዝካር አልቋል። እሱ ከተቀጠቀጠ ሙክት ይሆናል፣ ለፋሲካ ይሸጣል፣ ዘሩም እዚያ ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች። ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ቆማ እኔን እኔን ታያለች።

ሊቀ መንበራችን በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ንባብ የማያዳግታቸው ሰው ናቸው። ሕግ ሕግ ነው አሉ። መዝገብ የማያውቀውን በግ እኛም አናውቀውም አሉ። እኔ እስከ ቀትር ታገሱኝ ብዬ ለመንኩ። ሐኪሙ መጠበቅ ሥራው አይደለም፤ ቢሆንም ፀሐይ እየሞቀ ጠበቀ።

ማሽኑ እንዴት የእኔ እንደሆነ ልናገር። የማኅበሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ማሽኑ መጥቶ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ዕቃ ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ የጠባቂው ነውና የእኔ ሆነ። የተማሩት ሁሉ ሸሹት፤ ያለ አበል መቀመጥ ስለሆነ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ከምራቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ የተማርኩት ከማሽኑ ቁልፎች ላይ ስለሆነ በተራ አላውቀውም፤ በቦታ ነው የማውቀው። ከከተማ የመጣው ባለሙያ ሁለት ቀን አሠለጠነኝ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አለቀ። ይህ ሊኑክስ ነው፣ ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይገባውም፣ ዝም ብላችሁ አብርታችሁ ተዉት፣ መቼም አታጥፉት፣ አለና ሄደ።

መቼም አታጥፉት! የት አገር እንዳለ መስሎት ነው? እኛ ዘንድ በሬ እንኳ በማይጠመድበት ቀን ማሽን እየዘመረ ይውላል? ሊቀ መንበሩ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወስነዋል፤ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል፣ በሃያ አንድ ለማርያም፣ በሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት ለመድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ለበዓለ ወልድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር፣ ማሽኑ ዋዜማው ላይ ከግድግዳው ይነቀላል። «ከእኛ በላይ የሚሠራ ባሪያ አንይዝም» አሉ። ከቅዳሴ ሲወጡ መነቀሉን በመስኮት አይተው ነው የሚያልፉት። እንግዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ የእኛን ማሽን ያህል የጠፋና የተነሣ ማሽን ያለ አይመስለኝም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሣው። በጉ ጠፋ አልኩት። «አጥፍተህ አብራው» አለኝ። ሌላ ነገር የለም ወይ አልኩት። መጀመሪያ አጥፍተህ አብራው አለ። ለዚህ ነው ሰው አምስት ዓመት የሚማረው? አጠፋሁት፣ አበራሁት። ፀሐይዋ እስከዚያው በመስኮት ገብታ ጠረጴዛውን ሞልታለች። ቁጥሩን መታሁ። አለ! ቦቃው በግ፣ ከነእናቱ ቁጥር፣ ከነክብደቱ ቁጭ ብሏል።

እየሮጥኩ ወጥቼ ተናገርኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ። ሊቀ መንበሩ ገብተው አዩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጠዋት የለም አልክ፤ አሁን አለ ትላለህ። እዚህ ውስጥ ብቻህን ስትቆይ ምን ስትሠራ ነበር?»

«አጥፍቼ አበራሁት፣ ጋሼ።»

«አጥፍተህ አበራኸው። በግ የሚወልድ ማብራት አይቼ አላውቅም። ጎረቤትህም አይደለች?»

እንግዲህ ይህ ነው። ማንበብ ባልችል ኖሮ ማንም አይጠረጥረኝም ነበር። ስንት ዓመት ጣቴን ቀለም ነክሬ በፈረምኩበት ጊዜ ታማኝ ሰው ነበርኩ። ፊደል ስቆጥር ፎርጅድ ሠሪ ሆንኩ። አንዱ አባል ደግሞ ከኋላ፣ ትናንት «ሀ» ያለ ሰው ዛሬ በግ ይጽፋል፣ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ባልቴቷ ወደ እሱ ዞር ብላ «አንተ የተማርከው በልጅነትህ ነው፤ እስካሁን ግን የእርሻህን ወሰን ማንበብ አቅቶህ ወደ እኔ ትገባለህ» አለችው።

የገላገለን ሐኪሙ ነው። የተቀጠቀጠ በግ ተመልሶ አውራ አይሆንም፣ እኔ ለጽዮን ማግስት ተመልሼ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እውነቱን አውጡ፣ አለና ቡርዲዞውን ጠቀለለ። ሊቀ መንበሩ ተስማሙ። በጽዮን ማግስት ካላረጋገጥኩ በጉም ይቀጠቀጣል፣ እኔም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክባለሁ። ዘጠኝ ቀን።

ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሁሉንም ይጽፋል። እኔም ከተማርኩ ጀምሮ በደብተር የዕለቱን እጽፋለሁ፤ ዘነበ፣ ውርጭ ነበር፣ እገሌ ሰደበኝ። ያን ደብተር ገለጥኩ። ጥቅምት ላይ፣ «ማሽኑ ዛሬ የቆየ ወሬ ያወራል» የሚል አገኘሁ። ሌላም ቦታ እንዲሁ። ቀኖቹን ብቆጥራቸው ሁሉም የበዓል ማግስት ናቸው። ሊቀ መንበሩ ቢያዩት ቅዱሳኑ ተቆጥተው ነው ይሉ ነበር። ክረምቱን ግን ስንት ማርያምና ስንት ሚካኤል አልፏል፤ አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። ከጎኑ የተጻፈውን አየሁ። «ውርጭ።» ሁሉም ላይ ውርጭ አለ።

ማሽኑን ነቅዬ አሳድሬ በማግስቱ ጠዋት ዲስኩን በእጄ ዳሰስኩት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዲስክ የምለው ከማሽኑ ጎን በገመድ የተቀጠለች ጥቁር ሣጥን ናት፤ መዝገቡ ያለው በእሷ ውስጥ ነው። ባለሙያው በፋሲካ ሰሞን ተመልሶ መጥቶ፣ የማሽኑ ሆድ ጠበበ ብሎ፣ መዝገቡን ወደ እሷ ገልብጦ ሄዷል። አሮጌውን ቅጂ ግን ለማንኛውም ብሎ ከሆዱ ውስጥ አልሰረዘውም። ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው መዝገብ መደብ ላይ የተነጠፈ አጎዛ ነው። ዲስኩ ሲመጣ እንደ ባና፣ እንደ ሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ እላዩ ላይ ይነጠፋል፤ ባናውን ነው የምታየው። ባናው ከዘገየ የምታየው አጎዛውን ነው። ያ ዲስክ ደግሞ በመንዝ ብርድ አንድ ቀን ጠፍቶ ሲያድር ቶሎ አይነሣም፤ ያቃስታል፣ ይንጠቀጠቃል፣ እንደ ሽማግሌ ቆይቶ ነው የሚቆመው። የመዝገቡ ፕሮግራም እስኪቆም አይጠብቀውም። ቀድሞ ይነሣል፣ አጎዛው ላይ ይቀመጣል፣ ባናው ቢመጣም ተነሥቶ አያነጥፍም። የባልቴቷ በግ የተመዘገበው ከፋሲካ በኋላ ነው። የሌሎቹ ሁሉ ከሑዳዴ በፊት የተወለዱ ናቸው። ለዚህ ነው አምስቱ የነበሩት። ፀሐይ ከገባች በኋላ አጥፍቼ ሳበራው ደግሞ ዲስኩ ሞቆ ስለነበር ቶሎ ተነሣ።

ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ መጠገኑ መጣ።

ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። ለምንድን ነው የምታጠፉት አለኝ። ሚካኤል ስለሆነ አልኩት። የሄደ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። ኋላ ላይ፣ ሰርቪሶቹ ሲነሡ ተራ አልተሰጣቸውም ማለት ነው፣ ራስህ ልትጽፍለት ትችላለህ፣ አለና የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ሰርቪስ ማለት ማሽኑ ሲበራ ማንም ሳይጠራው ከበስተኋላ የሚነሣ ሥራ ነው። ሁሉንም የሚቀሰቅስ አንድ አለቃ አለ፤ ሲስተምዲ ይሉታል። ይህ አለቃ እንደ እኛ አገር አለቃ ነው፤ ተራ ካልተጻፈለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራና ማን ማንን እንደረገጠ አይመለከትም።

ፋይሉን ከፈትኩ። አሥር መስመር አይሞላም። የዲስኩንም መስመር ሌላ ቦታ አገኘሁት፤ መጨረሻዋ ላይ «ኖፌይል» የምትል ቃል አለች። የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን የሰጠኝን መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቦታ ቆርጬ ፈታኋት። ዲስኩ ቢቀርም ግድ የለም፣ ማሽኑ ይነሣ፣ ማለት ነው። ግድ የለም! የሰው በግ ዘር ሊቋረጥ፣ እሱ ግድ የለም ብሎ ጽፎ ሄዷል።

መጀመሪያ «አፍተር» የሚለውን ጻፍኩ፤ ከዲስኩ በኋላ ተነሣ። ዲስኩን ነቅዬ ማሽኑን አበራሁ። ፕሮግራሙ አጎዛው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጽሑፌን አሥር ጊዜ አየሁት፤ ስህተት የለውም። ሁለት ቀን ተሳደብኩ። ዕቃ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ይመለሳል። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ሎሌህን ከሞፈሩ በኋላ ዝራ ብትለው፣ ሞፈሩ ያለፈ እንደሆነ ከኋላው ይዘራል፤ ሞፈሩ ከናካቴው ካልመጣ ደግሞ ትንሽ ይጠብቅና ጦም ባደረው ላይ ይዘራልሃል። አላጠፋም፤ ቀድሞ አልዘራም። ሞፈሩ ካልመጣ አትዝራ የሚለው ሌላ ቃል ነው፤ «ሪኳየርስ» ይባላል። እሱን ብቻ ብትጽፍ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፤ ከሞፈሩ እኩል ይነሣል። ሁለቱንም መጻፍ አለብህ። አንድ አእምሮ ላለው ሰው አንዱን መናገር ሌላውን መናገር ነበር። ለማሽን ግን እንደ ሞኝ ሎሌ ሁለቱንም ትነግረዋለህ።

ሁለቱንም ጻፍኩ። ያው ነው! ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ማሽኑን በጥፊ ልመታው እጄን አንሥቼ ተውኩት፤ የማኅበሩ ንብረት ነው። ለካ ማሽኑን አላጠፋሁትም ነበር፤ ፕሮግራሙን ብቻ ነው አቁሜ ያስነሣሁት። እንዲያ ሲሆን አለቃው አዲስ የተጻፈውን ፋይል በራሱ አያነበውም፤ አንብብ ተብሎ መታዘዝ አለበት። «ሪሎድ» የምትባል ትእዛዝ አለች። በጆሮው ነው እንጂ በዓይኑ አይሠራም። ታዘዘ፤ አነበበ። ዲስኩን ነቀልኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ደቂቃ ተኩል ዝም አለ። ከዚያ በቀይ ጻፈ፤ የምደገፍበት ስለሌለ አልነሣም ነው ነገሩ። ባለፉት ዓመታት ከዚህ ማሽን የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይኸ ነው።

ጽዮን ደረሰች። በዋዜማዋ ሁሉን ወደ ድሮው መለስኩ። ጥፋቱን ራሱ እንዲያሳይ ፈልጌ ነው፤ ብነግራቸው እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ማሽኑን ነቀልኩ። አንድ ነገር ብቻ ፈራሁ። ማግስቱ ደመና ከሆነና ውርጭ ከሌለ ዲስኩ ቶሎ ይነሣል፤ እኔም ውሸታም ሆኜ እቀራለሁ፤ በጉም ይቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ውርጭን ስረግም ኖሬ፣ ገብሴን ስንት ዓመት አቃጥሎብኝ፣ በጽዮን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ውርጭ አምጪ ብዬ ለመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሣሩ እግር ሥር ሲሰባበር ይሰማ ነበር።

ስድስቱ በጎች ታሰሩ። ሐኪሙ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ባልቴቷ ገመዱን ጠምጥማ ቆመች። ማሽኑን እኔ አልነካም፣ እርስዎ ራስዎ ይሰኩት አልኳቸው ሊቀ መንበሩን። ሰኩት፤ ተነሣ። አሁን የባልቴቷን ሳይሆን የራስዎን በግ ቁጥር ይምቱ አልኩ። በአንድ ጣት መቱት። ባለፈው ጊዜ አለ የለም ብቻ ነበር የጠየቅነው፤ ክብደት የሚነበበው ሁሉም ከተጠራ በኋላ ስለሆነ እዚያ አልደረስንም ነበር። አሁን ክብደቱን ያንብቡት አልኳቸው።

አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ።

«ይሄ ጡት ያልጣለ ጠቦት ነው» አሉ።

«የእርስዎ ነው።»

«የእኔ በግ ውጭ ቆሟል! ሰው አይችለውም!»

«መዝገቡ የሚያውቀው ይኸን ነው፣ ጋሼ። መዝገብ የማያውቀውን እኛም አናውቀውም ብለዋል። በዚህ ክብደት ይወዳደርልዎ?»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ በጎቹ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ዘጠኝ ቀን ፎርጅድ ሠሪ ተብዬ ከርሜ ምን ያስቀኛል?

«ቅዳሴ ስንት ልዑክ ይፈልጋል?» አልኳቸው።

«አምስት።»

«አንዱ ዲያቆን ብርድ ይዞት ቢዘገይ ይገባሉ?»

«እስኪመጣ ይጠበቃል እንጂ፤ ካልመጣም አይገባም።»

«ይህ ማሽን ዲያቆኑ ሳይመጣ እየገባ ነው የቀደሰልን። በበዓል ማግስት ሁሉ።»

እኔ ሁለቱን መስመሮች በፊታቸው ጻፍኩ፤ አለቃውን አንብብ ብዬ አዘዝኩ። ዲስኩን ነቅዬ አጥፍቼ አበራሁ። ሰባት ሰው ደቂቃ ተኩል ቆሞ አንድ ሣጥን ጠበቀ። በግ ሳል ሳል አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። አልነሣም የሚለው ቀዩ ጽሑፍ መጣ። ተርጉሜ ነገርኳቸው። ዲስኩን ሰካሁ፣ እስኪነሣ ጠበቅኩ፣ ፕሮግራሙን ተነሣ አልኩት። ተነሣ። የባልቴቷን በግ መታሁ። በየወሩ የተመዘነበት ሁሉ ተደርድሯል። በነሐሴው ሚዛን በጉን የያዙት ማን እንደሆኑ ያስታውሳሉ ወይ አልኳቸው። እሳቸው ነበሩ። በጉ ረግጧቸው ለሦስት ቀን አንክሰዋል።

«አስታውሳለሁ» አሉ፤ ከዚያም ወደ ጣራው አይተው፣ «ጽዮን ማርያም ገለጠችው።»

እኔ ምንም እንዳልገለጥኩ ሆነ! ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ቁልፉን ግን አልተቀበሉኝም። ክብደት ተነበበ፣ ሦስቱ ለዘር ተመረጡ። በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው ቦቃው ሦስተኛ ወጣ፤ የሊቀ መንበሩ ሁለተኛ። የተቀሩት ሦስቱ እዚያው ተቀጠቀጡ። ባልቴቷ ገመዱን ከእጇ ፈታች፤ ሰንበር አውጥቶባታል። በጉን እየጎተተች በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ምን ነበር ስሙ፣ ያ የጻፍከው?» አለችኝ።

«ሪኳየርስ። ያ ሳይኖር አትነሣ ማለት ነው።»

«እሱን ለልጄ ባልም ጻፍልኝ» ብላ ሄደች።

ማሽኑ አሁንም በየበዓሉ ይነቀላል፤ በዚህ የሚከራከራቸው የለም፣ እኔም ደክሞኛል። በማግስቱ ጠዋት እሰካዋለሁ፤ ዲስኩ ያቃስታል፣ ፕሮግራሙ ይጠብቀዋል፣ እኔ ሁለቱን እጠብቃለሁ። የቦቃው ግልገሎች ቁጥር ሊያስመዘግቡ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ። ድሮ ቶሎ ይከፍት ነበር፣ ይሄ ሰውዬ ከነካካው ወዲህ ሰነፈ፣ ይላሉ። አንድ ቀን ዘወር ብዬ፣ ቶሎ ሲከፍት እኮ ይዋሽ ነበር፣ አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ቢሆንም» አሉ።